የይዞታ ታሪኩ ያልታወቀን ብራና ገዝቶ ወደ አገሩ መመለስ ይገባል ወይ? (ክርክር)

የመድረኩ አስተባባሪ፦

ባለፈው ሳምንት ከአባሎቻችን አንዱ በአንድ የአውሮፓ የጨረታ ቤት ለሽያጭ የቀረበ የዳዊት መጽሐፍ አይቶ ፎቶግራፎቹን ልኮልናል። በእንጨት ገበታ የተጠረዘ፣ ማኅደሩም ማንገቻውም ያልጠፋ ብራና ነው። ስለ አመጣጡ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን እርሱም «ከአንድ የአውሮፓ የግል ስብስብ» ይላል። ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ከኢትዮጵያ እንደ ተሻገረና ማን እንደ ፈቀደ የሚናገር ቃል የለም። ጨረታው ሦስት ሳምንት ስለ ቀረው፣ ገንዘብ አዋጥተን እንግዛውና ወደ አገሩ እንመልሰው የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ አጥብቀው የተቃወሙም አሉ። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁላችሁም አቀርባለሁ፦ ለመመለስ ብለንም ቢሆን፣ የይዞታ ታሪኩ ያልታወቀን ቅርስ መግዛት ይገባናል ወይ?

ከለንደን የሚጽፍ አባል፦

እኔ እንግዛው ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ምክንያቴንም ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ ከመቅደላ የተዘረፉ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊወጡ ሲሉ ኤምባሲያችን ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ፣ ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡ። ነገር ግን ከጨረታ መውጣታቸው ብቻውን ወደ አገር አላስገባቸውም። ሸሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ገዝቷቸው ነው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ለኢትዮጵያ የተሰጡት። ገንዘብ የሚከፍል ባይገኝ ኖሮ ባለንብረቱ ወደ ቤቱ ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባቸው ነበር።

የብሪታንያ ቤተ መዘክር ዕቃ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል። በግለሰብ እጅ ያለ ብራና ግን ዛሬ ከተሸጠ ገዢው ማን እንደሆነ የጨረታ ቤቱ አይነግረንም፤ ሁለተኛ የምናየው ምናልባት ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም የከፋው ነጋዴ ከገዛው ሥዕል ያለበትን ቅጠል እየገነጠለ አንድ በአንድ መሸጡ ነው። በክፈፍ ገብተው የሚሸጡ የብራና ቅጠሎችን እዚህ ገበያ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተቀደዱ የሚያውቅ ግን የለም። በመርሕ ስም ዝም ብለን መጽሐፉ ሲበታተን ማየት ለእኔ ኅሊናን የሚያሳርፍ መልስ አይደለም።

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የሕግ ባለሙያ፦

ወንድሜ የጠቀሱት ምሳሌ እውነት ነው፣ ስለ ተገነጠሉት ቅጠሎች የጻፉትም ልቤን ነክቶታል። ሆኖም የመቅደላን ዕቃና ዛሬ የምንነጋገርበትን መጽሐፍ በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም። የመቅደላ ዕቃ የይዞታ ታሪኩ የታወቀ ነው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ፤ ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለራሱ ወታደሮች በጨረታ ሸጠው። የወቅቱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1871 በምክር ቤታቸው ቆመው ዕቃው በመምጣቱ ማዘናቸውን ተናግረዋል። እንዲህ ላለ ዕቃ ጥያቄው ማን ዘረፈው የሚል አይደለም፣ መቼ ይመልሱታል የሚል እንጂ።

ይህ የዳዊት መጽሐፍ ግን ከአንድ ገዳም የዛሬ 10 ዓመት ሌሊት የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የምንከፍለው ገንዘብ የሚደርሰው በመጨረሻ ማን ዘንድ እንደሆነ አስቡት። ኢትዮጵያውያን ስሜታቸው ተነክቶ ዋጋ እንደሚጨምሩ ነጋዴው ካወቀ፣ የሚቀጥለውን ብራና ያዝዛል፤ የሚያዝዘውም ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት ነው።

የላሊበላውን «አፍሮ አይገባ» መስቀል አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመለስ ለገዛው ሰው 25,000 ዶላር ተከፍሎት ነው። የተሰረቀ መስቀል ስለሆነ ለምን ይከፈላል ብለን ተቆጥተን ነበር። ነገሩ ያለው በየአገሩ ሕግ ላይ ነው። በኒው ዮርክ ሕግ ሌባ ያልነበረውን ባለቤትነት ለማንም ሊያስተላልፍ አይችልም። በጣሊያን ግን የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ በቅን ልቦና የገዛ ሰው ንብረቱ ወዲያው የራሱ ሊሆን ይችላል። ሌቦችና ደላሎች ይህን ልዩነት ከእኛ አብልጠው ያውቁታል፤ ዕቃው ለገዢ በሚያደላ አገር አንድ ጊዜ ተሸጦ እንዲያልፍ የሚያደርጉትም ስለዚህ ነው። ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነትም ቢሆን፣ የተሰረቀውን መልሱልኝ የሚለው አገር ለቅን ገዢ ተገቢውን ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል፣ ወደ ኋላ ሄዶም የጥንቱን ዘረፋ አይዳኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በዚያው ስምምነት አንቀጽ 7 ላይ ያለው ነው፦ ከቤተ መዘክር ወይም ከሃይማኖት ተቋም የተሰረቀ ዕቃ የሚያስመልሰው በተቋሙ የንብረት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ መገኘቱ ከተረጋገጠ ነው። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት አጽድቃለች። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስንቱ ደብራችን ነው እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው? የሚዋጣ ገንዘብ ካለ ቅድሚያ ማግኘት ያለበት እርሱ ይመስለኛል፤ ለዚህ ጨረታ ስንጣደፍም የቸኮለ ጅብ ቀንድ እንደሚነክስ አንርሳ።

ከጎጃም የሚጽፉ መሪጌታ፦

ልጄ ስለ መዝገብ የጻፈችው አንድ ነገር አስታወሰኝ። ቅኔ በተማርኩበት ደብር ከብዙ ዓመት በፊት ዕቃ ቤቱ ተሰብሮ የመጾር መስቀልና ሁለት ብራና ተወሰደ። ፖሊስ መጥቶ «የጠፋው ምን ዓይነት ነው?» ሲል የዕቃ ቤቱ ሹም መዝገቡን አወጡ። መዝገቡ ላይ የነበረው እንዲህ ነው፦ «መስቀል፣ የነሐስ፣ 1። ዳዊት፣ ብራና፣ 2።» ሌላ ምንም የለም። ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ሥዕሉ የማን እንደሆነ፣ ገበታው የተሰነጠቀው በየት በኩል እንደሆነ አልተጻፈም። መስቀሉን በየዓመቱ የተሳለምነው ሁላችን እናውቀዋለን፣ እጀታው ላይ የነበረችውን ጎድጓዳ እንኳ ጣቴ ያስታውሳታል፤ ነገር ግን ጣት በፍርድ ቤት ምስክር አይሆንም። መስቀሉም መጽሐፎቹም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ስለ ቀረበው ዳዊት ፎቶግራፎቹን አጉልቼ አይቻለሁ። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲያጽፉ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ባለቤቱን ይገልጻሉ፦ «ዝንቱ መጽሐፍ ዘእገሌ» ወይም «ዘደብረ እገሌ» ይሉና ቀጥለው «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ብለው ያስራሉ። የሰረቀው ብቻ ሳይሆን የፋቀው ጭምር የተወገዘው በከንቱ አይደለም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያጠፋው የባለቤቱን ስም መሆኑን ያውቁ ነበር። በዚህ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል ግርጌ ሁለት መስመር ያህል ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ ጸጉሩ ተነሥቶ ይታያል። ብራናው በስለት ወይም በድንጋይ ተፍቋል ማለት ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ለመግዛት አንድ ብር አላወጣም።

ከለንደን የሚጽፍ አባል፦

መሪጌታ፣ ፍቀቱን እኔም ከነገሩኝ በኋላ አየሁት፣ አስደንግጦኛል። ይሁን እንጂ የተፋቀ ስም ሁሉ የሌባ ሥራ አይደለም። መጽሐፍ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን የሚያስጽፍ እንደ ነበር እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ደግሞ ስለ ምዝገባ አንድ ስጋት አለኝ። የየደብሩን ንዋየ ቅድሳት ፎቶ አንሥተን ካሰራጨን ለሌባው የግዢ ዝርዝር እናዘጋጅለታለን። ካህናቱም ካሜራ ይዞ የመጣን እንግዳ የሚጠረጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእንግዳው በኋላ ሌባ የመጣበት ቦታ አለና።

ከጎንደር የሚጽፍ የታሪክ መምህር፦

በመካከል ስለ ገባሁ ይቅርታ። የመቅደላ ታሪክ ግልጽ ነው የተባለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እንግሊዞች መዝረፋቸው ግልጽ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን የሰበሰቡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማውን ሲያቃጥሉና ሲዘርፉም ብዙ ንብረት ተወስዷል። ዛሬ በለንደን ያለ ብራና ኅዳጉ ላይ የጎንደርን ደብር ስም ይዞ ቢገኝ፣ ሲመለስ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መዘክር ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ደብሩ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ መንግሥትም ግለሰብም ቅርስ በባለቤትነት ሊይዝ እንደሚችል ይቀበላል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ነው» ማለት ባለቤቱን መናገር አይደለም። ይህን የምለው የእንግሊዞችን ክርክር ለማጠናከር አይደለም፤ ማንም ዘራፊ የቀደመውን ዘረፋ ምክንያት አድርጎ ንብረት ሊያስቀር አይችልም። የምለው የይዞታ ታሪክን ስንመረምር እስከ መጨረሻው ደብር ድረስ እንመርምር ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦

መምህር፣ ልክ ነዎት፤ እስከ ደብሩ ድረስ ተሂዶ የተሠራ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለን። እዚህ እኔ ባለሁበት ከተማ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስጦታ ካገኛቸው ብራናዎች መካከል ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራባሞንን የያዘ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ነበር። የደብረ ሊባኖስ ገዳም ንብረት መሆኑ የተረጋገጠው ብራናው ቀደም ሲል ገዳሙ ውስጥ ሳለ በማይክሮፊልም ተቀርጾ ስለ ነበር ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2016 መልሶ ለገዳሙ ሰጠ። ዋጋ አልተከፈለም፣ ጨረታም አልተካሄደም።

ያ የማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን የቀረጸ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ይገኛሉ። ፊልሞቹ ለረጅም ጊዜ አደባባይ ላይ አልተበተኑም፤ በተቋም ተጠብቀው ተመራማሪ ሲጠይቅ የሚታዩ ነበሩ። የለንደኑ ወንድሜ ስጋት መልስ የሚያገኘውም በዚህ ይመስለኛል፦ ፎቶው ይነሣ፣ ልኩና ጉዳቱ ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣን ተቆልፎ ይቀመጥ። ዕቃው ሲጠፋ ብቻ ምስሉ ለፖሊስና ለጨረታ ቤቶች ይበተን።

በሆላንድ የምትኖር አባል፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ ሮተርዳም አንድ ወገናችን በመኖሪያ ቤቱ እንግዳ ያስቀመጠውን ሻንጣ ሲያይ ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ አገኘ። ለማን እንደሚያስረክብ ስላላመነ 21 ዓመት ሸሽጎ ጠበቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሆላንድ መንግሥት በኩል ተመለሰ። አልሸጠውም፣ ለሌባውም አልመለሰለትም። ቅርስ በእጁ የገባ ሰው ሳይፈራ ወዴት እንደሚወስድ የሚያውቅበት በር ያስፈልገናል፤ 21 ዓመት ለአንድ ሰው ኅሊና ከባድ ሸክም ነው።

ከለንደን የሚጽፍ አባል፦

በሁለት ነገር ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ በአንዱ ግን አልቀየርኩም። ሳይጠየቅና ሳይመረመር ገንዘብ አይዋጣ ማለታችሁን ተቀብያለሁ። ለምዝገባ ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውንም ተቀብያለሁ። ነገር ግን ተጠይቆ፣ ተመርምሮ፣ የስርቆት ምልክት ያልተገኘበት ብራና ሊበታተን ሲል ካየሁ አሁንም እገዛዋለሁ፤ ደረሰኙንም ከመጽሐፉ ጋር አስረክባለሁ።

የመድረኩ አስተባባሪ፦

በተነጋገርነው መሠረት ዛሬ ጠዋት ለጨረታ ቤቱ በጽሑፍ ጥያቄ ልኬአለሁ። የጠየቅሁት መጽሐፉ ከኢትዮጵያ የወጣበትን ዓመት፣ የመውጫ ፈቃዱን፣ ከአሁኑ ሻጭ በፊት የነበሩትን ባለይዞታዎችና ከተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ ጋር ማመሳከራቸውን ነው። የደብዳቤው ግልባጭ ለኤምባሲውና ለቅርስ ባለሥልጣን ደርሷል። መልስ እስኪመጣ ገንዘብ አይሰበሰብም።

ከጎጃም የሚጽፉ መሪጌታ፦

መልካም አድርገሃል። የፊተኛውን ገበታ የውስጥ ገጽና የመጨረሻውን ቅጠል ብርሃን በጎን እያበሩ ፎቶ እንዲያነሡልን ጨምረህ ጠይቅልኝ። የፋቀው ሰው ቸኩሏል፤ በሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ «ዘደብረ» የሚለውን እያነበብኩ ነው፣ የሚቀጥለው ፊደል «ም» ይሁን «ሠ» ገና አለየልኝም።