የፖም ፍሪተር ውጪው እየጠቆረ መሀሉ ጥሬ ሊጥ ይሆናል፤ ምን ላስተካክል?

ወለላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፖም በትንንሹ ከትፌ፣ ከሊጥ ጋር ደባልቄ፣ በማንኪያ ዘይት ውስጥ እየጣልኩ የምጠብሰው ፍሪተር አልስተካከል ብሎኛል። የመጀመሪያው ዙር ውጪው ቶሎ ይጠቁራል፤ ሲቆረጥ መሀሉ ጥሬ ነው። ቀጥሎ ያለው ዙር ደግሞ ነጣ ብሎ ይወጣና ሲነከስ ዘይት ዘይት ይላል። የማደርገው መጠን ይኸው፦ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 3 ትልልቅ ፖም። ፖሙ እንዳይጠቁር አስቀድሜ ከትፌ፣ ግማሹን ስኳርና የሎሚ ጭማቂ አድርጌበት ሌላውን እስካዘጋጅ ይቆያል። ቴርሞሜትር የለኝም። ችግሩ ከሊጡ ነው ወይስ ከእሳቱ? ቀድሜ አመሰግናለሁ፣ እህታችሁ።

ቀረፋ

ከሁለቱም ነው እህቴ፤ ግን ከሊጡ ጀምሪ። ለ250 ግራም ዱቄት ይህን ያህል ወተትና 2 እንቁላል ለፓንኬክ ይሆናል እንጂ በማንኪያ ለሚጣል ፍሪተር ይቀጥናል። በዚያ ላይ ስኳር የነካው ፖም ውሃውን ይተፋል። ሩብ ሰዓት አቆይተሽ ሳህኑን ዘንበል ብታደርጊው ከሥር የተጠራቀመውን ጭማቂ ታዪዋለሽ፤ እሱም ተጨምሮ ሊጡ ውስጥ ይገባል። ያ ሁሉ ውሃ እስኪሞቅ መሀሉ አይረጋም። ስኳሩ ደግሞ ውጪውን ቶሎ ያጠቁረዋልና ያልበሰለው የበሰለ ይመስልሻል። ስኳር የበዛበት ሊጥ ዘይትም ይጠጣል።

ወተቱን ወደ 150 ሚሊ፣ ስኳሩን ወደ 50 ግራም አውርጂው። የቀረውን እንዲህ አድርጊ፦ 250 ግራም ዱቄት፣ 10 ግራም ቤኪንግ ፓውደር (2 ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ 2 እንቁላል፣ ቀልጦ ለብ ያለ 30 ግራም ቅቤ። ፖሙ ከተላጠና ፍሬው ከወጣ በኋላ 350 ግራም ይመዝን። 3 ትልልቅ ፖም ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ፖም ሲበዛ ሊጡ የሚይዘው አጥቶ ዘይቱ ውስጥ ይበታተናል። ከዚህ 18 ገደማ ፍሪተር ይወጣል።

ደረቁን ሁሉ በወንፊት ንፊ። እንቁላሉን፣ ስኳሩን፣ ወተቱንና ቅቤውን ለብቻ ምቺ። ፈሳሹን ደረቁ ላይ ገልብጠሽ በእንጨት ማንኪያ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ብቻ አማስዪ። ዱቄቱ እዚህም እዚያም ቋጠር ቋጠር ብሎ ቢታይ ተዪው። ለስላሳ እስኪሆን ከመታሽው ግሉተኑ (ሊጡን የሚያለጥጠው የስንዴው ፕሮቲን) ይጠነክርና ፍሪተሩ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ፖሙን መጨረሻ ላይ ክተቺ። ማንኪያውን ስታነሺ ሊጡ ከብዶት በዝግታ ጓል እያለ መውደቅ አለበት። እንደ ክር ከወረደ ቀጥኗል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ።

ድስትና ጭልፋ

በሊጡ እስማማለሁ፤ እኔ እሳቱን ልናገር። ሁለቱ ዙሮች የተለያዩት ዘይቱ በሁለት የተለያየ ሙቀት ላይ ስለነበር ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ብቻውን ብዙ ቆይቶ ከ190 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፏል፤ ስለዚህ ውጪው ተቃጠለ። ከዚያ ቀዝቃዛው ሊጥ ብዙ ሆኖ ሲገባ ሙቀቱ ወረደ፣ ሁለተኛው ዙርም ሳይመለስ ገባ። ሊጥ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጪ ይገፋል፤ ዘይቱ እንዳይገባ የሚከላከለው ይኸው ግፊት ነው። ዘይቱ ከ160 በታች ከሆነ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ልጣጩ ሳይደርቅ ይቆይና ፍሪተሩ ዘይት ሲጠጣ ይከርማል።

የምትፈልጊው ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ነው። ያለ ቴርሞሜትር የሚያስተማምነው የዳቦ ሙከራ ነው፦ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ የዳቦ ቁራሽ ጣዪ። በአንድ ደቂቃ ገደማ ወርቃማ ከሆነ ደርሷል። በግማሽ ደቂቃ ካጠቆረው እሳቱን ቀንሰሽ ጠብቂ። ደቂቃው አልፎ ገና ነጭ ከሆነ ዘይቱ አልጋለም። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ነክሮ አረፋ ማየትም ይሠራል፤ እንጨቱ ደረቅ ካልሆነ ግን ያሳስታል።

ወፍራም ታች ያለው፣ ጥልቅ ድስት ያዢ። ዘይቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይሙላ፤ ከድስቱ ግማሽ ግን አይለፍ፣ አረፋው ከፍ ይላልና። በአንድ ዙር 4 ወይም 5 ብቻ። በየዙሩ መሀል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ጠብቂና በዳቦ ፈትሺ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዘይቱ ሽታ የሌለው የሱፍ ወይም የካኖላ ይሁን።

አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ በፍጹም አይነካውም። እሳቱን አጥፊ፣ ድስቱን ክደኚ፣ እስኪቀዘቅዝ ከቦታው አታንቀሳቅሺው። ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገብሽ ይቀመጥ።

ቅርንፉድ

ያልተነሳ ነገር አለ፤ የፍሪተሩ ቅርጽ። ሊጡን አድቦልቡለሽ ከጣልሽው ዘይቱ 175 ላይ ቢቆምም መሀሉ አይደርስም። ለአንዱ 2 የሾርባ ማንኪያ ሊጥ ይበቃል። ጭልፋውን ወደ ዘይቱ አስጠግተሽ በሌላ ማንኪያ ገፋ አድርጊው፤ እንደወረደ በማንኪያው ጀርባ ጫን ብለሽ ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳይወፍር ጠፍጠፍ አድርጊው። ጠርዙ ወጣ ገባ ቢል ደስ ይበልሽ፤ የሚንኮሻኮሸው እሱ ነው። በየጎኑ ከ2 እስከ 2 ተኩል ደቂቃ ይጠበስ፤ አንዴ ብቻ ገልብጪ።

ስለ ፖሙ፦ ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ምረጪ፣ ለምሳሌ አረንጓዴውን ግራኒ ስሚዝ። ለስላሳው ዓይነት ዘይት ውስጥ ፈርሶ ገንፎ ይሆናል፣ ሊጡንም ያረጥበዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ክተፊ፤ ከዚያ ካለፈ ሊጡ በስሎ ፖሙ ጥሬ ይቀራል። እኔ ፖሙን አስቀድሜ በትንሽ ቅቤ 4 ደቂቃ ያህል አሙቄ አቀዘቅዘዋለሁ። ውሃው ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ጠለቅ ይላል።

ቀረፋ

ፖሙን አስቀድሞ ማሞቁ አይከፋም፣ ግን በ1 ሴንቲ ሜትር ለተከተፈ ግራኒ ስሚዝ አያስፈልግም። ጥሬው ሲገባ ፖሙ ሲነከስ የሚሰጠው ጥንካሬ ይቀራል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ለሌላ ዓይነት ፖም ግን ያንቺ ይሻላል። ሎሚውንም ተዪው ወለላ። ሊጡን አዘጋጅተሽ፣ ዘይቱን ጥደሽ፣ ፖሙን የመጨረሻ ከከተፍሽው የሚጠቁርበት ጊዜ የለም። ቢጠቁርም ቀረፋው ይሸፍነዋል። ከከተፍሽ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅጠቅ አድርገሽ አድርቂው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሺበት፤ ሊጡ ይይዘዋል።

ወለላ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ቤኪንግ ፓውደር ባይኖር በሶዳ ይሆናል? መብሰሉን በምን ላረጋግጥ? የስኳር ቅቡስ ለምን እየቀለጠ ይፈስሳል? ደግሞ ያው ቀጭን ሊጥ ለምንም አይሆን ይሆን?

ድስትና ጭልፋ

ሶዳ ብቻውን አይሠራም፤ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። ወተቱን በቀጠነ እርጎ ለውጪና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ በለጥ ያለ ሶዳ አድርጊ። ሶዳው ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቀለሙም ከልክ በላይ ይጠቁራል። በሶዳ የተነሳ ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ እንደተደባለቀ ጥበሺ።

መብሰሉን በቀለም አትፍረጂ። ከመጀመሪያው ዙር ወፍራሙን አውጥተሽ ለሁለት ቁረጪ። መሀሉ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ የዚያን ዙር ደቂቃ ለቀሪው ያዢ። ከፖሙ ዙሪያ ግን የሚያብለጨልጭ፣ የሚያጣብቅ ሊጥ ካለ ግማሽ ደቂቃ ጨምሪ። ፖሙ ራሱ እርጥብ ነውና የጥርስ እንጨት መውጋት እዚህ አያስተማምንም።

ቅርንፉድ

ቅቡ የሚፈስሰው ፍሪተሩ ትኩስ እያለ ስለሚደረግ ነው። 150 ግራም የዱቄት ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ ወተትና በትንሽ ጨው በጥብጪ። ፍሪተሩን የሽቦ መደርደሪያ ላይ 5 ደቂቃ ያህል አቆይተሽ፣ እጅ የማያቃጥል ለብታ ላይ ሲደርስ ንከሪው። ያኔ ስስ ሆኖ ይረጋል። ስኳርና ቀረፋ ብቻ መነስነስ ከፈለግሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ እንደወጣ ካላንከባለልሽው አይዝም። ለዚህ 100 ግራም ስኳር በ2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ይበቃል።

ስታወጪም ጭልፋው ላይ ነቅነቅ አድርገሽ አንጠፍጥፊ። አብዛኛው ዘይት የሚገባው ፍሪተሩ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እንፋሎቱ ሲበርድ ላዩ ላይ የቀረውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወረቀት ላይ ደራርበሽ አትተዪው፤ ሥሩ ይለሰልሳል።

ቀረፋ

ቀጭኑን ሊጥ አትጣዪው፤ ስኳሩን 30 ግራም ካደረግሽ ለቀለበት ፖም ተስማሚ ነው። ፖሙን ልጠሽ፣ መሀሉን አውጥተሽ፣ በ8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቀለበት ቀለበት ቁረጪ። በጨርቅ አድርቀሽ በደረቅ ዱቄት ለውሺ፤ ያለ ዱቄት ሊጡ እየተንሸራተተ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሊጡ ውስጥ ነክረሽ፣ ትርፉን አንጠፍጥፈሽ፣ በ180 ዲግሪ በየጎኑ ከ1 ተኩል እስከ 2 ደቂቃ ጥበሺ። ሊጡ ስስ ስለሆነ መሀሉ ጥሬ የመቅረት ስጋት የለም።

የተረፈ ካለ ቅብ ሳይነካው ቢቀመጥ ይሻላል። በማግስቱ በ180 ዲግሪ ምድጃ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ሲሞቅ ልጣጩ ይመለሳል፤ ማይክሮዌቭ ያለሰልሰዋል። ዘይቱን ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልዪው፤ የወደቀ ፍርፋሪ ከቀረ በሚቀጥለው ጊዜ ይቃጠልና ይመርራል። ሳይግል የሚያጨስ ወይም ላዩ ላይ የማይጠፋ አረፋ የሚያበዛ ዘይት ሆኖ ካገኘሽው ጣዪው።