«አስወነጨፈ» ወይስ «ወነጨፈ»?

ተርጓሚው፦ ቤተሰብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኛል። ነገሩ ስለ 1973 (እ.ኤ.አ.) የሲና ጦርነት ነው። «የግብፁ እግረኛ ማሉትካውን አስወነጨፈ፤ ታንኩን እስኪመታ ድረስም በእጁ መራው» ይላል። ማሉትካ የሶቪየት ፀረ ታንክ ሚሳይል ነው። የተኮሰው ራሱ እግረኛው ነው። ታዲያ «አስ» ምን ልትሠራ ገባች?

የኔታ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ግእዙን። ወንጭፍ ሞፀፍ ነው፤ ግሱም ወፀፈ። በፀሐዩ ፀ፣ አደራ! ዳዊት ጎልያድን የጣለው በገዛ እጁ ወንጭፎ ነው፤ ማንንም አላስወነጨፈም። «አስ» ትውጣ።

ቀበጥ ፊደል፦ «ወነጨፈ» ከ«ወፀፈ» መጣ ሊሉን ነው? «ነ»ን ከየት አመጧት?

የኔታ፦ እንዳንተ ያለውን ተማሪ እኛ በኩርኩም ነበር የምንመልሰው።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ መጀመሪያ ዕቃውን እወቁት እንጂ! ማሉትካ ሻንጣ በመሰለ ሳጥን ነው የሚያዘው። ክዳኑ ማስወንጨፊያው ይሆናል። ተኳሹ እስከ 15 ሜትር ራቅ ብሎ ተኝቶ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ሚሳይሉ ከኋላው ቀጭን ሽቦ እየተረተረ ይሄዳል፤ እሱ በትንሽ ዘንግ ይነዳዋል። 3 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 25 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን መንቀል የለም። እስራኤሎቹም ይህን ደረሱበትና ወደ ተኳሹ መተኮስ፣ ታንኩንም ግራ ቀኝ ማለት ጀመሩ። እጁ ከተንቀጠቀጠ አለቀ። እና የኔታ፣ ወንጫፊው ሳጥኑ ነው። ሰውየው አስወንጫፊ!

የሐይፋዋ፦ እዚህ እስራኤል ማሉትካን «ሳገር» ይሉታል። በዕብራይስጥ «ሳጋር» ዘጋ ማለት ነው። ለታንኮቹ መንገድ ስለዘጋ ይሆን?

የኔታ፦ ተባረኪ! ሥር ማለት ይሄ ነው።

ቀበጥ ፊደል፦ ኧረ የኔታ! ስሙን ያወጣው ኔቶ ነው። ለሶቪየት ፀረ ታንክ ሚሳይሎች በ«ኤስ» የሚጀምር ስም ነበር የሚሰጠው፦ ስናፐር፣ ስዋተር፣ ሳገር፣ ስፒጎት። ሩሲያዎቹ ራሳቸው ማሉትካ ሲሉት «ሚጢጢ» ማለታቸው ነው።

የኔታ፦ ይሁን። ግን ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ መንገድ ላይ ይመራል? አይመራም። እንግዲያው «ተወንጫፊ»ም አይሆንም። «ተምዘግዛጊ» በሉ።

መቶ አለቃ፦ ተምዘግዛጊስ በትከሻ የሚተኮሰው ሮኬት፣ አርፒጂ ነው፤ ከለቀቅከው ለቀቅከው። ይልቅ የአሜሪካኑን ፀረ ታንክ ሚሳይል፣ ጃቭሊንን ምን ልትሉት ነው? ከተኮሱት በኋላ ራሱ ታንኩን ተከትሎ ከላይ፣ በስሱ በኩል ይወርድበታል። ተኳሹ ዞር ብሎ መሸሽ ነው።

ቀበጥ ፊደል፦ ተላላኪ።

የሐይፋዋ፦ 😂 ደግሞ ሳይሳሳት የሚያደርስ!

ተርጓሚው፦ ጌቶች፣ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «ተኮሰ» ብዬ ልለፈው?

የኔታ፦ ተኮሰ? ሸሚዝ ነው እንዴ?