ከአሸዋ ሜዳ ሜክሲኮ በሦስት ታክሲ፦ አዲስ አበባና ሸገር ሲቲ አብረው የሚያቅዱት መቼ ነው?

የአሸዋ ሜዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አሸዋ ሜዳ ነው፣ ከአስኮ ወዲያ፣ በሸገር ሲቲ በኩል። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ። ከቤት የምወጣው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ልጆቼ ሳይነቁ። አንድ ታክሲ እስከ አስኮ፣ ከአስኮ ሌላ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ደግሞ ሜክሲኮ። በየመሀሉ ሰልፍ አለ። የማታው ይብሳል፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሰልፉ ላይ ቆሞ ከመበስበስ ሌላ ምርጫ የለም። ከደመወዜ ሩብ የሚሆነው መንገድ ላይ ያልቃል። እዚህ የተከራየሁት ደግሞ ወድጄ አይደለም፣ መሀል ከተማ ያለው የቤት ኪራይ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጎረቤቶቼ ጋር ፊርማ አሰባሰብን። ጠዋትና ማታ ከአሸዋ ሜዳ ተነስቶ መሀል ከተማ የሚገባ ቀጥታ አውቶቡስ ይመደብልን ነው ያልነው፣ ሌላ ምንም አልጠየቅንም። በሸገር ሲቲ በኩል ያለ አንድ ቢሮ ገባን። "መኪናው ወሰን ስለሚሻገር ብቻችንን ስምሪት መስጠት አንችልም" አሉን። በአዲስ አበባ በኩል ወዳለው ሄድን። "እናንተ የእኛ ነዋሪዎች አይደላችሁም" አሉን። ሁለቱም በትህትና ነው ያናገሩን። ወረቀቱ ግን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እኔ የማላውቀው ነገር ካለ አስረዱኝ። ሁለት ከተሞች እንዲህ ተጣብቀው፣ ሰዉ በየቀኑ ሁለቴ ወሰኑን እየተሻገረ፣ መንገዱንና ታክሲውን አብሮ ማቀድ ይህን ያህል ለምን ከበደ?


የፕላን ባለሙያ፦

እህቴ፣ የነገርሽን ነገር በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በከተማ ፕላን ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ።

አብሮ ማቀድ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። ተሞክሮ ነበር፣ እና በጣም ክፉ ሆኖ ነው ያለቀው። በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ዱከም የመሳሰሉት፣ በአንድ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ሆኑ። ከዚያ አዲስ አበባንና ልዩ ዞኑን የሚያጠቃልል የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተዘጋጀ። በ2006 ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ። በ2008 እንደገና ተነሳና ከመጀመሪያው እጅግ ሰፋ። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ።

እዚህ ላይ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ "ጥሩ ፕላን ነበር፣ ፖለቲካ ገደለው" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ወረቀቱ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ውሃ ብዙ ጥሩ ነገር ሊኖር ይችላል። ገበሬው ግን በወረቀቱ ላይ ያየው አንድ ነገር ነው፣ መሬቱን። ከዚያ በፊት ለከተማው መስፋፋት ተብሎ ጎረቤቱ ጥቂት ካሳ ይዞ ሲነሳ፣ ከዚያ የቀን ሠራተኛ ሲሆን አይቷል። ማንም ቁጭ ብሎ ሳያናግረው "ይጠቅምሃል" ቢባል እንዴት ይመን? ስለዚህ የሞተው አብሮ የማቀድ ሐሳብ ነው ብዬ አላምንም። ባለመሬቱን ሳይጠይቁ ማቀድ ነው የወደቀው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ "የጋራ ፕላን" የሚለው ቃል ራሱ የሚያስፈራ ሆነ፣ ባለሥልጣንም ባለሙያም በእጁ መንካት አይፈልግም።

ከዚያ በ2011 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የተነሳውን ተቃውሞ ታስታውሳላችሁ። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው መሬቱ የማን ነው፣ ማን ያስተዳድራል የሚለው ጥያቄ የመጣው። ዕጣ የደረሰው ቆጣቢ ያለቅሳል፣ መሬቱን ያጣው ገበሬም ያለቅሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ2014 መጨረሻ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ተስማሙ፣ በ2015 ደግሞ በዙሪያው ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ ተጠቃለው በ12 ክፍለ ከተሞች ሸገር ሲቲ ተመሠረተ። ኮዬ ፈጬም ዛሬ አንዱ ክፍለ ከተማ ነው።

ይሄ በእኔ እይታ ትልቅ ዕድል ነው። ድሮ አዲስ አበባ ከስድስት ሰባት ከንቲባ ጋር ነበር የምትነጋገረው። አሁን ከአንድ ጋር። ወሰኑ ግን መሬቱ የማን እንደሆነ ነው የሚነግረን፤ በአስኮ በር በኩል በጠዋት ስንት ሰው እንደሚገባ አይነግረንም። ይህንን ለማወቅ ሁለቱ ተቀምጠው መቁጠር አለባቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሀል ስለምትገኝ የሚመጡ የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች በሕግ ይወሰናሉ ይላል። በ2009 ረቂቅ አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ ሳይጸድቅ ቀረ። ያቺ ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ የቀረችው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ቋሚ ጠረጴዛ የለም።


ኮድ ሦስት፦

እኔ ሚኒባስ ነው የምሠራው፣ በዚሁ መስመር። ሰው እኛን ነው የሚሳደበው፣ "ቆራርጠው ይጭናሉ" እያለ። እውነት ነው፣ እንቆራርጣለን። ለምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ።

ጠዋት ከአሸዋ ሜዳ ሞልቼ እወጣለሁ። ስመለስ ባዶዬን ነኝ። በዚያ ሰዓት ከፒያሳ ወደ አሸዋ ሜዳ የሚሄድ ሰው የለማ! ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ስለዚህ እስከ ሜክሲኮ ረጅሙን ሄጄ በመጨናነቁ መሀል ባዶ ከምመለስ፣ አጭሯን እስከ አስኮ ሦስቴ ብመላለስ ይሻለኛል። ነዳጅ በየጊዜው ይጨምራል፣ ጎማ አይቀመስም፣ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ። ታፔላዬም እስከዚያ ድረስ ነው የሚለው፣ ከዚያ ባልፍ ትራፊክ ይቀጣኛል። ታርጋው "ኦሮ" የሆነ ጓደኛዬ ደግሞ ሰው ጭኖ ይመጣና ከተማው ጫፍ ላይ ያራግፋል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ሰዉ ወርዶ እንደገና ይሰለፋል። ከዚያ ሰልፍ ላይ እኔ እጭነዋለሁ። እኔ ተጠቀምኩ፣ እናንተ ተጎዳችሁ፣ አውቃለሁ።

ሁለቱ ትራንስፖርት ቢሮዎች ተስማምተው ለጋራ መስመር አንድ ታፔላ ቢሰጡ፣ ታሪፉን በኪሎ ሜትር ቢያወጡ፣ ለባዶ መልሱ ደግሞ የሆነ ነገር ቢያስቡልን፣ ረጅሙን መስመር በደስታ እሠራለሁ። እስካሁን የጠየቀን ግን የለም። መንገዱን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የቱ ጋ ውሃ እንደሚያቁር፣ የቱ ጋ ባጃጅና ጋሪ እንደሚዘጋው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈታ፣ ሁሉንም በቃሌ እነግራቸዋለሁ።


የሰንዳፋ ልጅ፦

ስለ ታክሲ ብቻ እያወራችሁ ነው፣ እኔ ስለ ቆሻሻ ላውራ፤ ጉዳዩ አንድ ነው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው የግድብ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ስንቱ ያውቃል? ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ፣ ከድሬ ግድብ። በእኛ በኩል። ከለገዳዲ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በጄሪካን ውሃ እየቀዳሁ ነው ያደግሁት፣ ትልቁ ቧንቧ ግን ወደ ከተማው ያልፋል። አልቀየምም፣ ውሃ የሁሉም ነው። ግን ከዚያ ቆሻሻው ደግሞ ወደ እኛ መጣ። በ2008 ሰንዳፋ አጠገብ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተብሎ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ተከፈተ። ሽታው፣ ዝንቡ፣ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ጥቁር ፈሳሽ… ገበሬው ከብቶቼ ታመሙ አለ። መጀመሪያ ሲቆፈር የአውሮፕላን ማረፊያ ነው ተብለን ነበር የሚሉ ሽማግሌዎች በሰፈራችን ነበሩ። ሰዉ መኪናዎቹን አላሳልፍም ብሎ ወጣ። ሥራ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ።

ቆሻሻው የት ሄደ? ተመልሶ ቆሼ፣ ወደ አዲስ አበባ የድሮው የቆሻሻ ተራራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተናደና ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ተራራው ሥር የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። እኔ ያንን ቀን ሳስብ እስካሁን ያመኛል። የእኛ ሰፈር ሰው መብቱን ነው የጠየቀው፣ ቆሼ ሥር የነበሩት ሰዎችም ምንም አላጠፉም። መጀመሪያውኑ ሁለቱም አስተዳደሮች ከገበሬው ጋር ተቀምጠው፣ ቦታውን አብረው መርጠው፣ ውሃና ክሊኒክ ለአካባቢው አስገብተው፣ ፈሳሹን የሚያጣራውን ሳይጨርሱ አንድም መኪና ባይገባ ኖሮ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። አቃቂ ወንዝም ያው ነው፣ የከተማውን ፋብሪካና ሽንት ቤት ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ከታች ያለው ሰው በዚያ ውሃ ጎመን ያለማል፣ ጎመኑ ተመልሶ ከተማ ገበያ ይገባል። ወንዝ ወሰን አያውቅም።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሩቅ ሆኜ አስተያየት ስሰጥ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን እዚህ ያለው ነገር ከእኛው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ዋሺንግተን ዲሲም ዋና ከተማ ናት፣ በሁለት ግዛቶች መሀል የተቀመጠች፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። እኔ ሜሪላንድ አድሬ ዲሲ እሠራለሁ፣ ብዙ ሐበሻ ደግሞ ከአሌክሳንድሪያ ይመጣል። በአንድ ባቡር ሦስቱንም አስተዳደር እናቋርጣለን፣ ማንም ውረዱ አይለንም።

ይሄ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስቱ ተፈራርመው፣ ኮንግረስ አጽድቆት፣ አንድ የጋራ የትራንስፖርት ድርጅት አቋቋሙ። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ1976 ነው። ቦርዱ ላይ ሁሉም እኩል ሁለት ሁለት ድምፅ አላቸው፣ የፌዴራል መንግሥቱም ሁለት። ከሦስቱ ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ የድጋፍ ድምፅ ካላገኘ ውሳኔ አያልፍም። ይሄ ነገር ሥራ ያዘገያል፣ አዎ፣ ስለ ገንዘብ ብዙ ዓመት ተጨቃጭቀዋል፤ ለጥገና በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ለማዋጣት የተስማሙት ገና በ2018 ነው። ያውም ባቡሩ እያረጀ፣ አደጋ እየደረሰ። ግን ማንም "ተውጬ ቀረሁ" ብሎ አይፈራም። ትንሹም እምቢ ማለት ይችላል።

ሌላው ካርዱ ነው። ስማርትሪፕ የሚባል አንድ ካርድ አለን፣ ባቡሩም ላይ፣ የየአካባቢው አውቶቡስ ላይም ይሠራል። ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ስትቀይር ቅናሽ አለው። እንዲህ ያለ ካርድ ቢኖር የአሸዋ ሜዳዋ እህታችን ሦስት ታክሲ ብትይዝ እንኳ ሦስት ሙሉ ታሪፍ አትከፍልም ነበር።


የፕላን ባለሙያ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አመሰግናለሁ። እኔን የገረመኝ ባቡሩ ሳይሆን የድምፁ ነገር ነው። የ2006ቱ ፕላን ላይ ሱሉልታ ወይም ሰበታ "እምቢ" የሚልበት ወንበር ቢኖረው ኖሮ ሰው አደባባይ መውጣት ባላስፈለገው ነበር።

የእኛ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በምሥራቅ አያት ላይ ይቆማል። ለገጣፎ እዚያው አፍንጫው ሥር ናት። ለገጣፎ የሚኖር ሰው አያት ድረስ በታክሲ መጥቶ ነው ባቡር የሚይዘው። የከተማ ፕላን የተሠራው እስከ ከተማው ወሰን ስለሆነ ሐዲዱም እዚያው አለቀ።

በትልቅ ማስተር ፕላን አንጀምር እላለሁ እኔ። በከተማው መግቢያ በሮች እንጀምር፦ አሸዋ ሜዳ፣ አለም ገና፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ። በነዚህ አምስት በሮች ላይ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ሳምንት አብረው ተሳፋሪ ይቁጠሩ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁት። የጋራ መናኸሪያ፣ የጋራ ታፔላ፣ ቀጥታ አውቶቡስ። ለዚህ የማንም መሬት አይወሰድም፣ ማንም አይፈናቀልም። እሱ ሲሠራ ሰዉ ትንሽ ይተማመናል፣ ከዚያ ስለ ቆሻሻና ስለ መሬት ለመነጋገር ፊት ይኖረናል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መነሻችሁን፣ መድረሻችሁን፣ የምትወጡበትን ሰዓት፣ ስንት ታክሲ እንደምትቀይሩና የሚፈጅባችሁን ጊዜ እዚህ ጻፉልኝ። በሠንጠረዥ አደራጅቼ ከፊርማው ጋር ለሁለቱም በአንድ ቀን እናስገባለን። ቁጥር ሲያዩ መልሳቸው ይለያል፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።


የአሸዋ ሜዳዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሰንዳፋው ወንድሜ፣ የቆሼን ስታነሳ ልቤ ተነካ፣ የምንጠጣውን ውሃ እንኳ እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ኮድ ሦስት፣ ስንት ቀን ረዳቶችን ስሳደብ እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ይቅርታ።

የእኔ፦ አሸዋ ሜዳ – ሜክሲኮ። 11:30። ሦስት ታክሲ። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ሰኞ ሲሆን 3 ሰዓት ይሞላል።


አለምገና 22፦

አለም ገና – መገናኛ። 11:15። ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። 2 ሰዓት ተኩል። ባለቤቴም ለብቻዋ ትጽፋለች፣ የእሷ ቃሊቲ ነው።


ኮድ ሦስት፦

እኔ ደግሞ የባዶ ምልልሴን ልጽፍልህ እችላለሁ? ከነገ ጀምሮ ረዳቴ በደብተር ይይዘዋል።


የፕላን ባለሙያ፦

ከሁሉም በፊት እሱን ነው የምፈልገው። የሁለት ሳምንት ያዝልኝ፣ ቅዳሜንም ጨምረህ።