በ52 ዓመቴ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ፤ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ አስመጪ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃ ማስገባቱ እየከበደ ሄደና ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ። የስንብት ክፍያዬን ተቀብያለሁ፤ እሱ ግን እያለቀ ነው፤ ሁለት ልጆቼም ገና በትምህርት ላይ ናቸው።

የሚያንገበግበኝ የሥራ ማስታወቂያው ነው። የሥራ ልምድ በብዛት ይጠይቁና ከሥሩ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ብለው ይጽፋሉ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። እስከዚያ ያሉትን 8 ዓመታት እንደኔ ያለ ሰው ምን እየሠራ ይኑር? ጉልበትም አእምሮም አለኝ። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚገባ እሠራለሁ፤ የግብር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የጡረታ መዋጮ ሂሳብ ለዓመታት ያለ ቅጣት አስተካክዬ አቅርቤያለሁ። አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት አሠራር ግን በወጉ አልተማርኩም።

አሁን ያሰብኩት ቋሚ ሥራ መፈለጉን ሳልተው የአነስተኛ ነጋዴዎችን መዝገብ በትርፍ ሰዓት መያዝ ነው። ለዚህ ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልገኛል? ለአንድ ነጋዴ በወር ስንት መጠየቅ ተገቢ ነው? አይኤፍአርኤስ ለመማር ገንዘብ ባወጣ፣ በዚህ ዕድሜ ቀጣሪ ዘንድ ዋጋ ይኖረው ይሆን? በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ የተቀጠራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በማስታወቂያ ነው ወይስ በሰው በኩል የገባችሁት? ሠራተኛ የምትቀጥሩም ካላችሁ፣ የሥራ ልምድ መግለጫዬ ላይ የትውልድ ዘመኔን ልጻፍ ወይስ ልተው፣ እውነቱን ንገሩኝ።