ከልክ ያለፈ ጥናት ተማሪን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ የ17 ዓመቷ ልጄ ፈተና ከተቃረበ ወዲህ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ታነባለች፤ ትናንት ግን አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብባ ምን እንደሚል ስጠይቃት አለቀሰች። ጥናቱን ቀንሺ ብላት እበድላት ይሆን?

መልስ 1፦ አይበድሏትም። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያጸናው በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ እንቅልፏን ሠውታ ካነበበችው ብዙው ሳይጸና ይቀራል፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለሚያህል ጊዜ መተኛት ይመከራል።

መልስ 2፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አጠናኗ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ገና በ1885 እ.ኤ.አ. በቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከተጠናው በተሻለ እንደሚታወስ አሳይቷል። ደጋግማ ከምታነብ፣ ደብተሯን ዘግታ የምታስታውሰውን ትጻፍ።

መልስ 3፦ ልቅሶው ከቀጠለና የምግብ ፍላጎቷም ከጠፋ፣ እባክዎ ፈተናው እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩዋት።