«የባዕድ ኮድ አታስገቡ» ስለተባለው ነገር

የጠባሴው፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ብርሃን በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አሠልጣኙ «ላይብረሪ የሚደረድር ልጅ ፕሮግራመር አይባልም። ለመንግሥት ቢሮ የሚሠራ ሶፍትዌር ውስጥ የባዕድ ኮድ መግባት የለበትም» አሉ። የባዕድ ኮድ ያሉት ላይብረሪን ነው፤ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ኮድ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። ወረዳው ሪፖርቱን በኤክሴል ነው የሚፈልገው። የኤክሴል ፋይል ማንበቢያ ከዜሮ ልጻፍ? ፒዲኤፍ ማውጫስ? የይለፍ ቃል መመስጠሪያስ? ይሄን ሁሉ በእጄ ስጽፍ ሥራው መቼ ሊያልቅ ነው? ገና የጀመሩ ልጆች ይሄን ሰምተው ተግባራዊ ቢያደርጉት ጉዳቱ የማን ነው?

የአንኮበሩ፦
ሰውዬው እውነታቸውን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የዛሬ ልጆች ገና ሥራው ሳይገባቸው ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች በጥቅል በጥቅል የሚወርዱበትን) ከፍተው መጫን ይጀምራሉ። አንዲት ቅጽ ለመሥራት የጥቅል መዓት ይወርዳል። ውስጡን ያነበበ የለም። በፈረንጆቹ 2016 የሆነውን ረሳችሁት? ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ነበረች። ባለቤቷ ተናዶ ከኤንፒኤም ላይ ሲያነሳት የስንቱ ሥራ ቆመ! ባቤል የሚባለው ታዋቂ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ሳይቀር ተሰበረ። ከጽሑፍ በስተግራ ክፍተት የምትሞላ ኮድ እኮ ናት። እሷን መጻፍ አቅቷቸው ነው?

መንዜዋ፦
ወንድሜ፣ ሌፍት ፓድን ሁሉም ያነሳታል። ከዚያ በኋላ ኤንፒኤም ደንቡን ቀየረ። ሌሎች የተደገፉበትን ጥቅል እንደ ድሮው ድንገት ብድግ አድርጎ ማጥፋት የለም። የጠባሴው የጠየቀውን ግን አልመለስክም። የይለፍ ቃሉን በምን ልትመሰጥረው ነው? ባይክሪፕትን የመሰለ በዓለም የተፈተነ ነገር ትተህ በራስህ ዘዴ? መንዝ ላይ በርኖስ የሚሠራ ሰው ሱፉን ይፈትላል እንጂ በግ የሚሸልትበትን መቀስ ራሱ አይቀጠቅጥም።

የአንኮበሩ፦
ምስጠራውን ትቼዋለሁ፣ እሱን ውሰጂ። የምናገረው ስለ ቀላል ቀላሉ ነው። ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ለመቀየር እንኳ ላይብረሪ ያወርዳሉ! የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሸዋሮቢቱ፦
የአምስት ደቂቃ?

መንዜዋ፦
እኔም እዚያው ላይ ነው የቆምኩት። የዛሬ ዓመት አካባቢ አንድ የቁጠባ ማኅበር ሲስተሙን እንዳስተካክል ጠራኝ። የሠራው ልጅ መቀየሪያውን በእጁ ነው የጻፈው። ኮዱን ስከፍተው «ወር ከ12 ከበለጠ ስህተት ነው» ይላል። ጳጉሜ የለችም! መዝጋቢዋ ምን ታድርግ? ጳጉሜ 3 የገባ መዋጮ ሲስተሙ እምቢ ሲላት ነሐሴ 30 ብላ ታስገባዋለች። አባሉ እጅ ያለው የወረቀት ደረሰኝ ጳጉሜ 3 ይላል፣ ኮምፒውተሩ ነሐሴ 30 ይላል። ሒሳብ ሊመረመር ሲል ተጨቃጨቁ። ምስኪኗን ልጅ ገንዘብ ደብቀሻል ሊሏት ምንም አልቀራቸውም። የአምስት ደቂቃ ሥራህ ይሄ ነው።

የአንኮበሩ፦
እሱ የልጁ ስንፍና ነው፤ የእጅ ሥራ ጥፋት አይደለም። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ናት፣ ካልተረፈ 5 ናት። የቆሎ ተማሪ ሳይቀር ዘመነ ሉቃስን ቆጥሮ ይነግርሻል።

የሸዋሮቢቱ፦
ጳጉሜን መቁጠርና ከፈረንጁ ጋር ማስማማት ለየቅል ናቸው። በ2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። የ2017ቱና የ2018ቱ ሴፕቴምበር 11 ዋሉ። ይሄን ታውቀዋለህ እንበል። የፈረንጆቹ 2100 ግን ለ4 እየተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። የእኛው አቆጣጠር ግን ጳጉሜ 6ን መዝለል አያውቅም። ስለዚህ ያን ዓመት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። በአምስት ደቂቃ ኮድህ ውስጥ ይሄ አለ?

የአንኮበሩ፦
እስከ 2100 የሚሠራ ሲስተም አሳየኝና ልመን።

የሸዋሮቢቱ፦
ሲስተሙ ባይኖርም ቀኑ ዛሬ ይጻፋል። የመኖሪያ ቤት መሬት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ዛሬ የተፈረመ ውል የሚያበቃው ከ2100 በኋላ ነው። የማብቂያ ቀኑን ኮምፒውተሩ አሁን አስልቶ ያትመዋል። በአንድ ቀን የተሳሳተ ውል ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማን ይጠየቅ? ጃቫ ላይ ከሆንክ ጆዳ ታይም የሚባለው የቀን ላይብረሪ ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚባል ክፍል አለው። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል። ስንት ሰው ያየውንና የፈተነውን ነገር ትተህ ለምን?

የጠባሴው፦
ድረ ገጽ ለምትሠሩ ደግሞ፣ ጃቫስክሪፕት ራሱ ኢንትል በሚባለው ክፍሉ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያሳያል። ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ግን ማሳየት ብቻ ነው። ተጠቃሚው «ጳጉሜ 3» ብሎ ሲያስገባ ወደ ፈረንጅ ቀን አይመልስላችሁም።

መምህሩ፦
ልጆች፣ ክርክራችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ስለ ክፍል ውስጥም አስቡ። ተማሪ መቀየሪያውን አንድ ጊዜ ራሱ መጻፍ አለበት። ሳይጽፈው ላይብረሪውን መርምሮ መምረጥ አይችልም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ልጆች ኖድ ሞጁልስ የሚባለውን፣ የወረዱት ጥቅሎች ያሉበትን ፎልደር በፍላሽ ገልብጠው ከማሽን ማሽን ይዞራሉ። ማን እንዳወረደው፣ መቼ እንዳወረደው፣ መሐል ላይ ማን እንደነካው የሚያውቅ የለም።

መንዜዋ፦
መምህር፣ የመጨረሻው ነጥብዎ ትልቅ ነው። ሎክ ፋይሉ የእያንዳንዱን ጥቅል ሥሪትና ማረጋገጫ ይይዛል። «ኤንፒኤም ሲአይ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ከዚያ ጋር ያልገጠመ አይጫንም። በፍላሽ የተገለበጠ ፎልደር ግን ይሄን ሁሉ ማጣሪያ ይዘላል። ላብ ውስጥ አንድ ሰርቨር ላይ ቨርዳቺዮ የሚባል የጥቅል ማከማቻ ቢተከል አንዴ የወረደ ጥቅል እዚያው ይቀመጣል። ኔትወርክ ቢጠፋም ልጆቹ ከእዚያው ይወስዳሉ። እርስዎ ቢያስተክሉት ለተማሪው ትልቅ ውለታ ነው።

የአንኮበሩ፦
ሰርቨሩ ከየት ይመጣል? መብራቱስ? አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄን ማውራት ቀላል ነው።

መንዜዋ፦
ያለሁት ሞላሌ ነው። አዲስ አበባን ምን አመጣው?

የአንኮበሩ፦
እሺ፣ ይቅር። ሎክ ፋይል ሎክ ፋይል ለምትሉ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በፈረንጆቹ 2024 ማርች ላይ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተገኘውን የጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) ሎክ ፋይል ያቆመው ነበር? ጂያ ታን በሚል ስም የመጣው ሰው ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሥራ እየሠራ አመኔታ ገዛ። ከዚያ መርዙን የከተተው በራሱ በትክክለኛው ሥሪት ውስጥ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ኤስኤስኤች በሚባለው የርቀት መግቢያ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ባያጠራጥረው ኖሮ የስንቱ ሰርቨር በር ተከፍቶ ነበር! ከዚያ በፊት በ2021 ዲሴምበር ሎግ ፎር ጄይ ነበር። መዝገብ መጻፊያ ተብሎ የገባ ላይብረሪ ሰው ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን እንዲያዝበት አደረገ። የአደጋ መጠኑ ከ10 10 ተሰጠው። ይሄን የወረዳ ቢሮ ውስጥ አስገቡ ነው የምትሉኝ?

የጠባሴው፦
ኤክስዜድ የተያዘው እኮ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ነው። ፍሮይንድ ጠረጠረ፣ ከፍቶ አየ፣ ለዓለም ተናገረ። የቁጠባ ማኅበሩን ሲስተም ማን ከፍቶ አየው? መንዜዋ እስክትጠራ ድረስ ማንም! ሎግ ፎር ጄይስ ቢሆን ማስተካከያው ወዲያው ወጣ። በኋላ የተጎዳው በአብዛኛው ማስተካከያው ወጥቶ ያላዘመነው ነው። ላይብረሪ ስታስገባ መከታተልም የአንተ ሥራ ነው። አሠልጣኙ ይሄን ቢሉ ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር።

የአንኮበሩ፦
ርክክብ ተፈጽሞ ክፍያው ከተወሰደ በኋላ ተመልሶ የሚያዘምን ገንቢ አይቼ አላውቅም። እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ ይሄ ነው። እንዲያውም ላይብረሪ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ስም ፍለጋን ውሰዱ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ብሎ የሚጽፍ አለ። ዓለሙና አለሙም አሉ። መዝጋቢው በአንዱ ያስገባል፣ ፈላጊው በሌላው ይፈልጋል። «የለም» ይለዋል። ገበሬው ከጣርማበር በብርድ መጥቶ ስሙ ጠፍቶ ይመለሳል። ይሄን የፈረንጅ የፍለጋ ላይብረሪ አያውቀውም። እኔ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ይሠራልም። ፊደሉን ሁሉ ወደ አንድ ዘር ይመልስና ያነጻጽራል።

የሸዋሮቢቱ፦
ይሄ ግሩም ሥራ ነው፤ ከልቤ ነው። ታዲያ ለሁላችንም ልቀቀዋ። እኔም እዚህ በዚሁ ችግር ነው የምታሸው። የአንተን ኮድ ቢሮዬ ሳስገባው «የባዕድ ኮድ» ሊባል ነው?

የአንኮበሩ፦
አልለቀውም።

መንዜዋ፦
ለምን?

የአንኮበሩ፦
ብለቀው ማን ይጠግነዋል? ኤክስዜድን ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። በነፃ። ደክሞኛል እያለ ሰው ያጣድፈው ነበር። ጂያ ታን የገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ነገ አንዱ በማላውቀው ቢሮ አስገብቶት ስም ሲያበላሽ ለእኔ ይደወላል። ቤተሰብ አለኝ።

መምህሩ፦
ይሄ የሚናቅ ነጥብ አይደለም። ነፃ ኮድ ሁሉ ከጀርባው የሚደክም ሰው አለው። ቢሮዎቹ ለሲስተም ሲከፍሉ ለጥገናም በውሉ ላይ ገንዘብ ይያዝ። አለበለዚያ የእጅ ኮድም፣ ላይብረሪም እኩል ይበሰብሳሉ።

የሸዋሮቢቱ፦
መምህር፣ በጀቱን ለቢሮዎቹ እንተወው። እኔ የምጠይቀው የአንኮበሩን ነው። ይሄን ስም ፈላጊ ካልለቀቅከው አጣዬ ያለው ልጅ እንደገና ይጻፈው ነው የምትለው?

የአንኮበሩ፦
አዎ፣ ይጻፈው። የቢሮውን ሰው ስም የሚያውቀው እሱ ነው። ጽፎ ይማርበታል። ሲበላሽም የት እንደተበላሸ ያውቃል።

የጠባሴው፦
ይጽፈዋል። ግን «ዐ»ን አስታውሶ «ኀ»ን ይረሳታል። የደብረ ሲናው «ሠ»ን ይረሳል። አንዱ ጋ ሲስተካከል ሌላው ጋ እንደተበላሸ ይቀመጣል። ገበሬው የሚመላለሰው እኮ በዚህ ነው። አሠልጣኙ ቀጣዩ ዙር ላይም ይሄንኑ ሊደግሙት ነው። እጄን አውጥቼ ልጠይቃቸው ነው፤ አብሮኝ የሚመጣ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

የአንኮበሩ፦
እመጣለሁ። ከእሳቸው ጎን ነው የምቀመጠው።