ለተበሉ የፊት የወተት ጥርሶች የትኛውን ሕክምና እጠቁማለሁ?

የልጆቻችሁ የላይኛው የፊት ጥርስ ተበልቶ ጉቶው የቀረ ወላጆች «ይነቀል ወይስ ይሠራ? በምንስ ይሠራ?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ክሊኒኮችን ተመላልሼ ያየሁትንና የተረዳሁትን እጽፋለሁ። ክሊኒክ ከመምረጣችሁ በፊት ከድድ በላይ ምን ያህል ጤነኛ ጥርስ እንደቀረ፣ ነርቩ ተነክቶ እንደሆነ፣ ጥርሱ በተፈጥሮው እስኪወልቅ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። መካከለኛዎቹ ሁለት የላይ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚወልቁ፣ ለሁለት ዓመት ልጅ የሚገባው ወጪ ለአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ላይገባ ይችላል።

ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ስትሪፕ ክራውን የሚባለው ነው፤ ክራውን ማለት የተበላውን ጥርስ ዙሪያውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን ነው። በጥርስ ቅርጽ በተዘጋጀ ስስ የፕላስቲክ ቆብ ውስጥ ኮምፖዚት የሚባል የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ ይሞላና ጥርሱ ላይ ተጭኖ በብርሃን ከደረቀ በኋላ ቆቡ ይላጣል። መልኩ ያምራል፣ ቢሰበርም እንደገና መጠገን ይቻላል። ነገር ግን ኮምፖዚት የሚጣበቀው በደረቅና በቂ ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ የውጭ ሽፋን) በቀረው ጥርስ ላይ ነው። ለልጄ የተሠራው በሦስተኛው ወር የወለቀው፣ ሌላ ሐኪም በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ድዱ እየደማ ስለተሠራ ነበር። ስለዚህ ድዱ ያበጠና የሚደማ ልጅ ካላችሁ፣ አስቀድሞ ጥርሱ በደንብ እየተቦረሸ ድዱ እስኪረጋ ድረስ ቀጠሮው ቢዘገይ ይሻላል።

ጥርሱ በጣም ለተበላና ገና ብዙ ዓመት ለሚቀረው ልጅ እኔ የምመርጠው ዚርኮኒያ ከሚባል የሴራሚክ ዓይነት የሚሠራውን ዚርኮኒያ ክራውን ነው። ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም አይለወጥም። ይሁን እንጂ ተዘጋጅቶ በየመጠኑ የሚመጣ በመሆኑና እንደ ብረት ክራውን ጠርዙ ተጨምቆ ስለማይስተካከል፣ ሐኪሙ ጥርሱን በክራውኑ ልክ በደንብ መሞረድ አለበት፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። ከውጭ አገር ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው አፍ ውስጥ ተለክቶ ስለሆነ አንድ ሁለት ፍሬ አስልኮ መሄድ ብዙም አይጠቅምም። ሙሉ መጠኖቹን የያዘና ሥራውን ደጋግሞ የሠራ ሐኪም ፈልጉ፤ ከዚህ በፊት የሠራቸውንም ፎቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የብረት ክራውን ጥንካሬው የተመሰከረለት ቢሆንም ለመንጋጋ ጥርስ እንጂ ለፊት ጥርስ፣ ስለሚያብለጨልጭ፣ ጥቂቶች ናቸው የሚመርጡት።

ወንበር ላይ ለመቀመጥ ፈጽሞ እምቢ ለሚል ሕፃን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድን ጠይቁ። 38 በመቶው ፈሳሽ ሳይሞረድና ሳይወጋ በብሩሽ ይቀባል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል። የተበላውን ክፍል ለዘለቄታው እንደሚያጠቁርና ቅርጹን እንደማይመልስ ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ቢሆንም መበላቱን አስቁሞ ልጁ አድጎ ሕክምናውን መቋቋም እስኪችል ጊዜ ይገዛልና፣ ለጥቁረቱ ብላችሁ አትናቁት።

ነርቩ የሞተ ጥርስ የነርቭ ሕክምና ሳይደረግለት ክራውን ሊደፋበት አይገባም። ሥሩ ከተበላ ወይም ከድድ በላይ የሚያዝ ነገር ካልቀረ መነቀሉ ይሻላል፤ ክራንቻዎቹ በቅለው ከሆነ ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠብም። ፊቱ ካበጠና ትኩሳት ካለው ግን ስለ ክራውን ማማረጡን ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

አራት አምስት ጥርስ በአንድ ጊዜ የሚሠራለት ትንሽ ልጅ ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህንን ከክሊኒክ ይልቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል ብታደርጉት እመርጣለሁ። ጥርሱን የሚሠራው ሐኪም ሌላ፣ የልጁን ትንፋሽና የልብ ምት የሚከታተለው የማደንዘዣ ባለሙያ ሌላ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

የትኛውም ቢሠራ በክራውኑ ጠርዝ ጥርሱ እንደገና ሊበላ ስለሚችል፣ እኛ ሌሊት ጡጦ ከማጥባት ወደ ውኃ ብቻ ተሻግረን፣ ጠዋትና ማታ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እየቦረሽንለት በየሦስት ወሩ እናስመረምረዋለን።